የጃፓን ወይስ የኮሪያ? ለወሎ መንገድ የቤት አውቶሞቢል ለሚመርጡ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የመኪና ሞዴል ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ሻጩም ደላላውም የሚጠራቸው በዚያው ነውና። የአገር ውስጥ ሕግ ስናነሳ ብቻ በእኛ ዘመን ጽፈናል።

በአጭሩ ንገሩኝ፦ ኮሮላ ልግዛ ወይስ ኢላንትራ?

አገሩን ከመምረጥዎ በፊት ሞተሩንና ካምቢዮውን ይምረጡ። አንድ ስም ብቻ ጥሩልኝ ለሚል ግን መልሳችን ይህ ነው፦ ቤተሰቡ አራት አምስት ሰው ሆኖ ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ የሚኖር ከሆነ፣ ማንዋል ካምቢዮ ያለው ያሪስ 1.5 ወይም ኮሮላ 1.6። ብሩ ለእነዚህ ካልደረሰ፣ ጨርሶ ያረጀ ኮሮላ ውስጥ ከመግባት ከ2011 ወዲህ የተሠራ አክሰንት ወይም ኢላንትራ 1.6 ይሻላል። በአንድ ዋጋ ከኮሪያዎቹ የሚያገኙት መኪና ብዙውን ጊዜ በዕድሜ ያነሰ፣ የኋላ ወንበሩም የሰፋ ነው። ልዩነቱን የሚከፍሉት በኋላ፣ መለዋወጫ ሲጠብቁና መልሰው ሲሸጡ ነው።

ሁለት ነገር ግን በርካሽ ቢሰጥዎትም አይግዙ፦ ቺንጋው (የሞተሩን ቫልቮች ከፒስተኑ ጋር አቀናጅቶ የሚያሠራው የጎማ ቀበቶ) መቼ እንደተቀየረ ማንም የማያውቀው አሮጌ አክሰንት፣ እና ዘይቱ ተቀይሮለት የማያውቅ ሲቪቲ ካምቢዮ (በማርሽ ፈንታ በብረት ቀበቶ የሚሠራ አውቶማቲክ) ያለው መኪና።

ኮምቦልቻ ላይ የሚበርረው መኪና ደሴ ሲገባ ለምን ይደክመዋል?

አየሩ ስለሚሳሳ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናቸው። ስለዚህ ደሴ ፒያሳ ላይ የቆመ መኪና ወረቀቱ ላይ ከተጻፈለት ጉልበት ሩቡ የለም። ከወልድያ በድልብ ወደ ላሊበላ ሲወጡ ደግሞ ጉድለቱ ወደ 30 በመቶ ይጠጋል።

በቁጥር እንየው። 109 የፈረስ ጉልበት ያለው የያሪስ 1.5 ሞተር ደሴ ላይ 82 ገደማ ይቀረዋል፤ 87 ያለው 1.3 ወደ 65 ይወርዳል፤ 122 ያለው የኢላንትራ 1.6 ወደ 91 ይወርዳል። ኢላንትራው ያሸነፈ ይመስላል፤ ግን ባዶው 1,200 ኪሎ ገደማ ሲመዝን ያሪሱ 1,050 ገደማ ነው። አምስት ሰውና ጓዝ፣ ማለትም 400 ኪሎ ሲጫንባቸው ሁለቱም በአንድ ቶን 57 ፈረስ አካባቢ ይዘው ሐረጎን፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያስወጣውን ዳገት፣ ይወጣሉ። እኩል ናቸው ማለት ነው። የሚቸገረው 1.3ቱ ነው፦ በአንድ ቶን 45 ይዞ፣ ጠመዝማዛው ላይ ከፊት ያለ የጭነት መኪና ካዘገመበት ወደ ሁለተኛ ማርሽ መውረዱ አይቀርም። ይወጣል፤ ግን ቅብጥብጥ የለም።

ይህን ያልተረዳ ገዥ በጤነኛ መኪና ላይ «ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይውረድ» እስከመባል ይደርሳል። ቴስታታ ከማስወረድዎ በፊት ሦስት ነገር ይታይ፦ የአየር ፊልትሮ፣ ካንዴላ እና ፍሪሲዮን። ፍሪሲዮኑን ለመፈተሽ ዳገት ላይ በአራተኛ ማርሽ ሆነው ነዳጅ ይርገጡ። የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ካልተከተለው ፍሪሲዮኑ ተንሸራቷል፤ ሞተሩ አልደከመም።

ቺንጋ ወይስ ካቴና፦ ይህን ያህል ለውጥ አለው?

ከሁሉም በላይ ለውጥ ያለው እሱ ነው። ሻጩን መጀመሪያ የሚጠይቁትም ይህንኑ ይሁን።

ካቴና (በቺንጋ ፈንታ የብረት ሰንሰለት) ያላቸው፦ ያሪስና ቪትዝ በሙሉ፣ ከ2001 ወዲህ ያሉት ኮሮላዎች፣ ከ2007 ወዲህ ያለው ኢላንትራ 1.6፣ ከ2011 ወዲህ ያለው አክሰንት፣ ግራንድ አይ10። የጎማ ቺንጋ ያላቸው፦ እስከ 2010 የተሠሩት የቤንዚን አክሰንቶች፣ እስከ 2011 የነበረው ኪያ ሪዮ 1.4 እና 1.6፣ እስከ 2006 ያለው ኢላንትራ። ኢላንትራ 2.0 ደግሞ እስከ 2010 ድረስ በቺንጋ ነው፤ «አዲሱ ቅርጽ ስለሆነ ካቴና ነው» የሚል ደላላ ሲገጥምዎ ሞተሩ 1.6 ይሁን 2.0 ያረጋግጡ።

በእነዚህ የኮሪያ ሞተሮች ላይ ቺንጋው ሲበጠስ ፒስተኑ ክፍት የቀረውን ቫልቭ ይመታዋል። ቫልቮቹ ይጣመማሉ፣ ቴስታታው ይወርዳል፣ አንዳንዴ ፒስተኑም ይቀደዳል። በ1990ዎቹ ኮሮላ 4ኤ ሞተር ላይ ግን ቺንጋው ቢበጠስ መኪናው ይቆማል እንጂ ቫልቭ አይጣመምም። «ኮሮላ አይሞትም» የሚለው ዝና ከፊሉ ከዚህ የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

ቺንጋ የሚቀየረው በ90,000 ኪሎሜትር ገደማ ነው፤ ኪሎሜትሩ ባይሞላም አምስት ዓመት ካለፈው ይቀየር። ሲቀየር ቺንጋው ብቻ አይደለም፦ ማጥበቂያውና ቺንጋውን የሚመራው ኩሽኔታም አብረው ይግቡ፤ የካምሻፍቱ የዘይት ጎማ የሚያንጠባጥብ ከሆነ እሱም። ዘይት የነካው ቺንጋ ይልማል፣ ጥርሱም ይረግፋል። ሥራው ሲያልቅ መካኒኩ ቁልፍ ከመክፈቱ በፊት ሞተሩን በቁልፍ ማዞሪያ በእጁ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙረው፤ ምልክቶቹ በየቦታቸው መመለሳቸውንም ይይ። መሀል ላይ ድርቅ ብሎ የቆመ ሞተር በጉልበት አይዞርም፤ ቺንጋው ጥርስ ስቶ ገብቷል ማለት ነው። ይህን ሳያደርግ «እናስነሳው» የሚል ካለ ቁልፉን ይያዙበት።

ካቴናም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። ጠላቱ ያረጀ ዘይት ነው። ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ኮርኮር የሚል ድምፅ ከካቴናው በኩል ከሰሙ ካቴናው ረዝሟል ወይም ማጥበቂያው ደክሟል። ደሴ ላይ ይህን የሚያባብሰው 20ደብሊው-50 ዘይት ነው፤ በብርዳማ ጠዋት ወፍራም ዘይት ወደ ላይ ለመድረስ ይዘገያል። ለእነዚህ ሞተሮች 5ደብሊው-30 ወይም 10ደብሊው-30 ይበቃል፤ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ደከም ላለ ሞተር 10ደብሊው-40።

ሐረጎን ስወርድ ፍሬኑ ይሸታል። የኮሪያ ፍሬን ደካማ ነው?

አይደለም፤ አወራረዱ ነው። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ 25 ኪሎሜትር ባልሞላ መንገድ ላይ ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳሉ። በአምስተኛ ማርሽ ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ሰው ያንን ሁሉ ክብደት በአራት የፍሬን ሸራ ያቃጥለዋል። የወጡበት ማርሽ መውረጃዎም ነው፦ ሦስተኛ፣ ጠበቅ ያለው ላይ ሁለተኛ። ፍሬኑን ጠንከር አድርገው ይያዙ፣ ይልቀቁ፤ ለረጅም ጊዜ ቀለል አድርጎ ተጭኖ መቆየት ነው የሚያግለው።

ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከሆነ ወይም ወለል ድረስ ከወረደ ብዙ ጊዜ የፍሬን ፈሳሹ ውሃ ጠጥቷል፤ ሲግል ይፈላል። በየሁለት ዓመቱ ዶት 4 ይቀየር። ሁለቱም አገር መኪኖች አንድ ዓይነት ነው የሚጠቀሙት። ሞተር አጥፍቶ በገለልተኛ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል የሚለው ወሬ ደግሞ ውሸትም አደጋም ነው፦ በማርሽ ሲወርዱ ኢንጄክተሩ ነዳጁን ጭርሱኑ ይዘጋዋል፤ ሞተር ሲጠፋ ግን የፍሬኑ አጋዥ ይደክማል።

የራዲያተር ክዳን ይህን ያህል ያስፈልጋል? ውሃ ብቻ እየጨመርኩ ብነዳስ?

ደሴ ላይ ክፍት ድስት ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 100 አይደርስም። የያሪሱ ቴርሞስታት በ82 አካባቢ ይከፈታል፤ ቬንትሌተሩ የሚነሳው ግን በ93 ገደማ ነው። ልብ ይበሉ፦ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ፣ ቬንትሌተሩ ገና ሳይነሳ ውሃው ይፈላል። ባሕር ዳርቻ ላይ ብዙም የማይጎዳ የላላ ክዳን፣ እዚህ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር ያለውን ማሸጊያ) ያቃጥላል። ክዳኑ ርካሽ ነው፤ ጎማው የተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ የዛገ ከሆነ አይከራከሩበት።

ውሃ ብቻ መጨመር ውስጡን ያዝጋል፣ የውሃ ፓምፑንም ይበላል። ግማሽ ለግማሽ የተበጠበጠ የራዲያተር ፈሳሽ ከ5 እስከ 6 ሊትር ይበቃዎታል። ቀዩን የቶዮታ ፈሳሽ ከአረንጓዴው አይደባልቁ፤ ለመለወጥ ከፈለጉ ሙሉ በሙሉ ይውረድና ይታጠብ። ወደ ባቲ ወይም ቆቦ ቆላ የሚመላለስ ሰው ኤሲ ከፍቶ ቆሞ ሳለ ሁለቱም ቬንትሌተሮች መዞራቸውን ይይ፤ በብርዱ ደሴ ተበላሽቶ ሳይታወቅ የሚከርም ነገር ነው።

አውቶማቲክ ልግዛ?

ከተማ ውስጥ ለሚነዳ ደስ ይላል። ለእኛ ዳገት ግን ዓይነቱ ይለያያል። የቶዮታው ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ቀስ ያለ ግን የማይሞት ነው። የኢላንትራው ከ2011 ወዲህ ያለው ባለ ስድስት ማርሽ ዳገት ላይ ከእሱ ይሻላል፤ የሚፈልገው ዘይት ግን ኤስፒ-4 ነው። ከዚያ በፊት ያለው ኤስፒ-3 ይጠጣል። ሁለቱን አሳስቶ የጨመረ ጋራዥ ካምቢዮውን ይደበድበዋል፤ «ሁሉም ኤቲኤፍ ቀይ ነው» ሲልዎት ሌላ ጋራዥ ይፈልጉ።

ሲቪቲው በአብዛኛው ለጃፓን ገበያ በተሠሩት በነቤልታና ቪትዝ ላይ ይገኛል። ሰውና ዕቃ ሞልቶ ረጅም ዳገት ሲወጣ የብረት ቀበቶው ይግላል፤ ዘይቱ ያረጀ ከሆነ ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ወጪ ብዙ ነው። ለሲቪቲ የሚሆነው ዘይት የሚገኘውም አዲስ አበባ ነው።

መለዋወጫ የት ነው ችግሩ?

የያሪስና የኮሮላ ፍሬን ሸራ፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታና የፊት እግር ጎሚኒ ደሴና ኮምቦልቻ ሱቅ ውስጥ ወዲያው ይገኛል። ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ፕላትዝና ቤልታ ብዙ ጊዜ ሞተር ስለሚጋሩ፣ የሞተሩ ኮድ አንድ ከሆነ የአንዱ የሞተር ዕቃ ለሌላው ይገጥማል። የሰውነቱ ዕቃ ግን አይገጥምም።

የኮሪያዎቹ ፍሬን ሸራና ፊልትሮ አይጠፋም። የሚያስጠብቀው ሴንሰር፣ የመብራት መስታወት፣ የኤሲ ኮምፕሬሰርና የውስጥ ዕቃ ነው፤ አዲስ አበባ ተፈልጎ በአውቶቡስ እስኪላክ ከሁለት ቀን እስከ ሳምንት፣ መንገድ ሲዘጋጋ ደግሞ ከዚያም በላይ። ፍለጋውን የሚያቀልል አንድ ዘዴ አለ፦ የኢላንትራ ዕቃ ሲጠፋ የኪያ ሴራቶ ብለው ይጠይቁ፣ የአክሰንት ሲጠፋ የሪዮ ይጠይቁ። በየዘመናቸው አብረው የተሠሩ ስለሆኑ ከሥር ያለው ብዙው አንድ ነው።

በስልክ ሲያዙ «የኢላንትራ ሾክ» ብሎ ማለት አይበቃም። የሻንሲ ቁጥሩንና የአሮጌውን ዕቃ ቁጥር ፎቶ ይላኩ። አሮጌውን ዕቃ አዲሱ እስኪመጣ አይጣሉት።

ስለ ጎማ ዳዶም አንድ ነገር፦ የቶዮታና የሂዩንዳይ ዳዶ ጥርሱ 1.5 ነው፤ የስዙኪና የኒሳን 1.25። አንዱን በሌላው ላይ በአየር መሣሪያ የሚያጠብቅ ጎሚስታ ቡሎኑን ይበላዋል። መጀመሪያ ሦስት ዙር በእጅ ያልገባ ዳዶ አይጠብቅ። ቸርኬ ሲገዙም ቪትዝ፣ ያሪስና አክሰንት ባለ አራት ቀዳዳ ሆነው ሲገጣጠሙ፣ ከ2007 ወዲህ ያለው ኢላንትራ ባለ አምስት ነው።

ኢላንትራዬ ቆሜ መሪውን ሳወዛውዝ ኳ ኳ ይላል። እግሩ ነው?

ብዙ ጊዜ አይደለም። ሞተሩን አስነስተው፣ መኪናው ቆሞ ሳለ መሪውን በሁለት ጣት ግራ ቀኝ ቶሎ ቶሎ ያወዛውዙ። ድምፁ ከክሩስኮቱ ሥር፣ ከጉልበትዎ አቅጣጫ ከመጣ፣ በመሪው ግንድ ላይ ባለው የኤሌክትሪክ ሞተር ውስጥ ያለች የጎማ ኮከብ አልቃለች። የአንድ ሳንቲም ያህል የምታክል ዕቃ ናት። ስትፈታ ጥርሶቿ ተፈርፍረው ጥቁር ዱቄት ሆነው ይገኛሉ። ከ2007 ወዲህ ባሉ ኢላንትራዎችና በኋለኞቹ አክሰንቶች ላይ የታወቀ ነገር ነው።

ሙሉ የመሪ ግንድ ይቀየር የሚል ጋራዥ አለ፤ ጎማዋ ብቻ ትገዛለች። ሥራው ግንዱን አውርዶ ሞተሩን ሁለት ቡሎን ፈትቶ ማውጣት ነው። ባትሪው ይነቀል፤ የኤርባጉ ሽቦ እንዳይነካ፤ ከተገጠመ በኋላ መሪው መሀል ላይ መሆኑ ይረጋገጥ።

ቪትዙ «መሪው የተዛወረ ነው» ይላሉ። እንዴት አውቃለሁ?

ከቀኝ ወደ ግራ መሪያቸው የተዛወረ ቪትዞችና መሰሎቻቸው አሉ። ሁሉም መጥፎ ሥራ አይደሉም፤ ግን ዋጋቸው ሊቀንስ ይገባል። የሚታየው እንዲህ ነው፦ የዝናብ መጥረጊያዎቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ያርፋሉ፤ የኮፈን መክፈቻው ተሳፋሪው በኩል ይቀራል፤ ኮፈን ከፍተው ከፍሬን ዋናው ፓምፕ ትይዩ በሌላው ጎን የተደፈነ ወይም የተበየደ ቀዳዳ ያያሉ፤ ማታ ግድግዳ ላይ ሲያበሩ የአጭር መብራቱ ጫፍ ወደ ግራ ከፍ ይላል፣ ማለትም ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ያሳውራል።

የሚያሳስበው የፔዳሉ መያዣና የመሪው ግንድ ብየዳ ነው። ክሪክ አስነስተው መሪውን ጥግ ድረስ ያዙሩት፤ ፍሬኑን በሙሉ ኃይል ሲረግጡ የፔዳሉ ግድግዳ ሲታጠፍ ካዩ ይተዉት።

ከመግዛቴ በፊት ምን ልፈትሽ?

ቀጠሮውን ለጠዋት ያድርጉት፤ ለሻጩም «እስክመጣ እንዳታስነሳው» ይበሉት። ሲደርሱ ኮፈኑን በእጅ ይንኩ። ከሞቀ ድምፁን ደብቆብዎታል፤ ሌላ ቀን ይመለሱ።

ቁልፉን ሞተር ሳያስነሱ ይክፈቱ። የሞተር፣ የዘይት፣ የኤቢኤስና የኤርባግ መብራቶች መብራት አለባቸው። ከመጀመሪያውም ያልበራ መብራት ተነቅሏል ማለት ነው። ከዚያ አስነስተው ያዳምጡ። በኢላንትራ 1.6 ላይ የማይጠፋ ቶክ ቶክ ከሰሙ ካንዴላ አስወጥተው በቀዳዳው ትንሽ ካሜራ ያስገቡ። በእነዚህ ሞተሮች የጭስ ማጣሪያው (ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ) ከሞተሩ አጠገብ ስለሆነ፣ በመጥፎ ነዳጅ ሲፈርስ ዱቄቱ ወደ ሲሊንደሩ ተመልሶ ግድግዳውን ይጭረዋል። በጄሪካን የተሸጠ ቤንዚን የሚጠጣ መኪና ለዚህ ቅርብ ነው።

ኮሮላ 1.8 ከሆነና ከ2005 በፊት ከተሠራ፣ ዘይት የመጠጣት ጠባይ አለው፤ የፒስተኑ የዘይት ቀዳዳዎች ጠባብ ስለሆኑ ፋሻው ይያዛል። ሞተሩ ሲሞቅ ለሁለት ደቂቃ በዝግታ ያቁሙት፣ ከዚያ ነዳጅ ይርገጡ። ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ጠጪ ነው። የደሴ ጠዋት ነጭ እንፋሎት ግን አያስደንግጥዎት፤ ሞተሩ ሲሞቅ ካልጠፋና የውሃው መጠን ከጎደለ ብቻ ነው ጓርኒሲዮን የሚጠረጠረው።

ከዚያ ወደ ዳገቱ። ከደሴ የሚገዛ ኮምቦልቻ ወርዶ ይመለስ፤ ከዚያ የተሻለ መፈተሻ የለም። ሲወርዱ የፍሬን መንቀጥቀጥና የመሪ መጎተት ይታያል፤ ሲወጡ ሙቀትና ፍሪሲዮን። ላይ ደርሰው ሞተሩን ሳያጠፉ አምስት ደቂቃ ቁሙ፦ ቬንትሌተሩ ይነሳል? ሙቀቱ ይወርዳል? ኮፓው (የሞተር ዘይት ማጠራቀሚያው) ሥር ጠብታ አለ?

ኪሎሜትር ቆጣሪውን አይመኑ። 90,000 የሚል መኪና የፍሬን ፔዳሉ ጎማ አልቆ፣ መሪው ልጦ፣ የሾፌሩ ወንበር ጠርዝ ተቦድሶ ከሆነ ቆጣሪው ወደ ኋላ ሄዷል። ጎማው ላይ ያለው ባለ አራት አሃዝ ቁጥርም ያወራል፤ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሻንሲውን ግልጽ ቀን ላይ ይመልከቱ፤ የበር ጠርዞች ላይ ማግኔት ያሂዱ፣ ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ ነው።

ስዙኪ ዲዛየርስ?

ስሙ የጃፓን ነው፤ የሚሠራው ህንድ ነው። የሻንሲ ቁጥሩ በኤምኤ ፊደሎች ይጀምራል፤ በጄ ሲጀምር ጃፓን፣ በኬ ሲጀምር ኮሪያ ነው። 1.2 ሞተሩ 83 ፈረስ ብቻ ቢሆንም ክብደቱ 900 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ሐረጎን ከያሪስ 1.3 ባልተናነሰ ይወጣል። ከመሬት 163 ሚሊ ሜትር መነሳቱ ለእኛ መንገድ ጥሩ ነው። ላሜራው ግን ስስ ነው፤ የኋላ ወንበሩም ለሁለት ትልልቅ ሰውና ለአንድ ልጅ እንጂ ለሦስት ጎልማሳ አይደለም።

ከአስፓልት ወጥቼ ብሄድስ? ለግሸን፣ ለጀማ ንጉሥ?

እነዚህ መኪኖች ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚነሱት፤ አምስት ሰው ሲቀመጥባቸው ከዚያም ያንሳል። ለመስከረም 21 ወደ ግሸን ተራራ፣ ክረምቱ ገና የለቀቀውን መንገድ፣ በሞላ ያሪስ መውጣት አንመክርም፤ መኪናውን ከታች አቁመው ለመንገዱ የሚሆን መኪና ይሳፈሩ። ጥርጊያ መንገድ የሚያዘወትር ሰው ኮፓው ሥር 2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ያስገጥም፤ የዘይት ማውረጃዋ ቀዳዳ ግን ይተዋት። ሾክና ስፕሪንግ ሥር ማስነሻ ጎማ መክተት ከ2 ሴንቲ ሜትር ካለፈ የፊት አክስሉን ጉልበት ይበላዋል፣ ጎማውንም በአንድ ጎን ያጫርሰዋል።

ስንት ይጠጣል?

ለደሴ አካባቢ ቅይጥ መንዳት ያሪስ 1.3 በሊትር ከ13 እስከ 15 ኪሎሜትር፣ ኮሮላ 1.6 ከ11 እስከ 13፣ ኢላንትራ 1.6 ከ10 እስከ 13 ይሄዳል። ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ብቻ ለክተው የሚኩራሩ አሉ። ልኬቱ እንዲህ ነው፦ ማደያ ላይ መቅጃው ራሱ እስኪዘጋ ይሙሉ፣ ቆጣሪውን ዜሮ ያድርጉ፣ ቢያንስ 200 ኪሎሜትር ደርሶ መልስ ይንዱ፣ እዚያው ማደያ ላይ መልሰው ይሙሉ፤ ኪሎሜትሩን ለገባው ሊትር ያካፍሉ።

መልሼ ስሸጥስ? አዲስ ማስገባት አይሻልም?

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከልክሏል። ከዚያም በፊት በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጥሎ ነበር። ስለዚህ ገበያው አገር ውስጥ ያለውን እርስ በርስ መሸጥ ነው። ቶዮታ ይህ ሲሆን ዋጋው ይበልጥ ይጠነክራል፤ ያሪስ በቶሎ ገዥ ያገኛል። ኢላንትራ ገዥ አያጣም፤ ጊዜ ግን ይፈጃል። በሁለት ዓመት ውስጥ ልትሸጡ ካሰባችሁ ቶዮታ፤ አሥር ዓመት ልትይዙት ካሰባችሁ ልዩነቱ ያን ያህል አያሳስብም።

ስለ ኤርባጉ የሚወራው እውነት ነው?

አዎ። ታካታ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ የሠራቸው ኤርባጎች ሲፈነዱ ብረት ሊረጩ ይችላሉ፤ ዓለም ላይ ሰው ገድለዋል። ከ2003 እስከ 2013 ባሉ ኮሮላዎች፣ ከ2006 እስከ 2012 ባሉ ያሪሶች እንዲሁም በሆንዳና ኒሳን ሞዴሎች ላይ የጥገና ጥሪ ወጥቷል። በኮሪያ በኩልም በ2020 አሜሪካ ውስጥ ከ2007 እስከ 2010 ያሉ ኢላንትራዎች ለኤቢኤስ ሳጥን ተጠርተዋል፤ ውስጡ እርጥበት ገብቶ ኤሌክትሪኩ ሊያጥር፣ ቆሞ ሳለም ሊቃጠል ይችላልና። የሻንሲ ቁጥርዎን በአምራቹ ድረ ገጽ ያስገቡና ጥሪ እንዳለበት ይዩ። ኤርባጉን በሠፈር ጋራዥ አያስከፍቱ።

ወረቀቱ ላይ ምን ልይ?

የሊብሬው ሻንሲና ሞተር ቁጥር ከብረቱ ላይ ካለው ጋር በየፊደሉ ይመሳሰል። ሞተሩ ተቀይሮ ሊብሬው ላይ ካልሰፈረ ቀድሞ ይስተካከል፤ ከሸጠ በኋላ ሻጩ አይገኝም። የባንክ ዕዳና እግድ እንደሌለበት ከመንገድ ትራንስፖርት ቢሮው ይጠይቁ። ቦሎው ያለፈ ከሆነ የማደሻው ወጪ ማን ላይ እንደሚያርፍ አስቀድመው ይነጋገሩ። ሽያጩ በውልና ማስረጃ ፊት ይፈጸም፤ ብሩም በባንክ ይለፍ።

ገዝቻለሁ፤ መጀመሪያ ምን ልቀይር?

የቀድሞው ባለቤት «ትናንት ቀየርኩ» ቢልም የሞተር ዘይትና ፊልትሮ። ለያሪስ 1.5 3.7 ሊትር፣ ለኮሮላ 1.6 ከ2007 ወዲህ ላለው 4.2 ሊትር፣ ለኮሪያዎቹ 1.6 ከ3.3 እስከ 3.6 ሊትር ይገባል። ለያሪሱና ለኮሪያዎቹ አራት ሊትሩን ጋሎን በሙሉ አፍስሰው አይጨርሱ፤ ዲፕስቲኩን አይተው ቀስ እያሉ ይጨምሩ። ቀጥሎ የአየር ፊልትሮ፣ የፍሬን ፈሳሽ፣ የራዲያተር ክዳንና ፈሳሽ። ቺንጋ ያለው ከሆነ በዚያው ሳምንት ይቀየር። ከዚያ በኋላ ዘይቱ በየ5,000 ኪሎሜትር፤ ኮሮላ 1.8 የገዛ ሰው ደግሞ በየ1,000 ኪሎሜትሩ ዲፕስቲኩን ይሳብ።